ስማቸው ሳይጠራ የተወነጀሉት ሰው፦ የኒውስናይት ዘገባ የጉዳይ ጥናት

ዓርብ ኖቬምበር 2 ቀን 2012 ምሽት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውስናይት የተባለው የቢቢሲ ቴሌቪዥን ፕሮግራም አንድ የምርመራ ዘገባ አስተላለፈ። በሰሜን ዌልስ፣ በሬክሰም ከተማ ዳርቻ በነበረው ብሪን ኤስቲን የሕፃናት ማሳደጊያ ያደጉ አንድ ሰው ካሜራ ፊት ቀርበው፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ዘመን ከፍ ያለ ስፍራ የነበረው አንድ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ፖለቲከኛ በልጅነታቸው ወሲባዊ ጥቃት እንደፈጸመባቸው ተናገሩ። ፕሮግራሙ የፖለቲከኛውን ስም አልጠራም፤ ፎቶግራፉንም አላሳየም።

በሳምንቱ ዓርብ ተበዳዩ ራሳቸው ሰው መሳሳታቸውን አምነው በአደባባይ ይቅርታ ጠየቁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ኒውስናይትም ይቅርታ ጠየቀ። በማግስቱ ቅዳሜ የቢቢሲ ዋና ዳይሬክተር ጆርጅ ኢንትዊስል ሥልጣን በያዙ በ54ኛው ቀን ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። በሐሰት የተወነጀሉት ሰው ሎርድ ማክአልፓይን ነበሩ፤ በታቸር ጊዜ የፓርቲው ገንዘብ ያዥ ሆነው ያገለገሉ፣ በ2012 ጡረታ ላይ የነበሩ አዛውንት።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው እንደ አንድ ትልቅ ተቋም ቀውስ ነው፤ ማን ተባረረ፣ ማን ለቀቀ፣ ስንት ካሳ ተከፈለ ይባላል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት የነበረው ሳምንት ነው። ልምድ ያላቸው ጋዜጠኞች፣ የሕግ አማካሪዎችና የበላይ ኃላፊዎች ባሉበት ቤት ውስጥ፣ የአንድን ሰው ሕይወት የሚያፈርስ ውንጀላ ያለ ማጣሪያ እንዴት አለፈ? መልሱ በአብዛኛው ሁሉም እንደ ጥንቃቄ በቆጠሩት አንድ ውሳኔ ውስጥ ይገኛል። ስሙን አንጠራም ተባለ። ስሙ ስለማይጠራ ደግሞ፣ ስሙ ቢጠራ ኖሮ ማንም ሊዘላቸው የማይደፍራቸው ጥያቄዎች ሁሉ ሳይነሡ ቀሩ።

ወደ ኋላ መለስ ብሎ ጊዜውን ማየት ያስፈልጋል። ጂሚ ሳቪል በቢቢሲ ለአሥርተ ዓመታት የታወቀ አቅራቢ ነበር፤ በኦክቶበር 2011 ሞተ። ኒውስናይት ሳቪል በልጆች ላይ ስለፈጸመው ጥቃት ምርመራ ጀምሮ፣ በዲሴምበር 2011 ዘገባውን ሳያሰራጭ ተወው። በኦክቶበር 3 ቀን 2012 ተፎካካሪው አይቲቪ ጉዳዩን ይዞ ወጣ፤ አገር ተናወጠ። የኒውስናይት ዋና አዘጋጅ በዚያው ወር ከሥራው ገለል እንዲል ተደረገ፤ ቢቢሲም ዘገባው ለምን እንደቀረ የሚያጣራ ገለልተኛ ምርመራ አዘዘ። እውነተኛ ዘገባ በመሣቢያ ውስጥ አስቀርታችኋል ተብለው በየጋዜጣው የሚወቀሱ ሰዎች ነበሩ። በፓርላማም፣ ልጆችን የሚያጠቃ ቡድን ከፖለቲካው ሰፈር ጋር ግንኙነት እንደነበረው የሚጠቁም ጥያቄ በዚያው ኦክቶበር ተነሥቶ ነበር።

አዲሱ ዘገባ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ያቀረበው በለንደን ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይገኝ የነበረውና በ2010 የተቋቋመው የምርመራ ጋዜጠኝነት ቢሮ ሲሆን፣ ዘጋቢው ስለ ሰሜን ዌልስ ማሳደጊያዎች ከዓመታት በፊት ለቢቢሲ ሬዲዮ የሠራ ሰው ነበር። ሐሳቡ ከቀረበበት ቀን እስከ ስርጭቱ ያለው ጊዜ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ጉዳዩ ደግሞ ከሦስት አሥርተ ዓመታት በፊት ተፈጸመ የተባለ ወንጀል ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአየር ሰዓት ለመያዝ የሚያስቸኩል አንዳች ምክንያት አልነበረም፤ ካለፈው ወቀሳ በቀር። ይህን ስል ጋዜጠኞቹ ክፉ ሐሳብ ነበራቸው ለማለት አይደለም። ዝም በማለታቸው የተወገዙ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ላለማለት ቸኮሉ። ነገር ግን የትናንቱ ስህተት ለዛሬው ዘገባ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ እያንዳንዱ ውንጀላ በራሱ ሰነድና በራሱ ምስክር ሊቆም ይገባዋል።

ከማስረጃው እንነሣ። የዘገባው ምሰሶ የተበዳዩ ቃል ነበር። እኚህ ሰው በማሳደጊያው ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው መሆኑ የፈጠራ ታሪክ አይደለም። በ1996 በመንግሥት ተሠይሞ በዳኛ ሰር ሮናልድ ዋተርሃውስ የተመራው አጣሪ ጉባኤ፣ በሰሜን ዌልስ ክሉዊድና ግዊኔድ አውራጃዎች በነበሩ ማሳደጊያዎች ከ1974 ጀምሮ በልጆች ላይ የደረሰውን ሰፊ ግፍ መዝግቦ በፌብሩዋሪ 2000 ሪፖርቱን አውጥቷል። ተበዳዩም ለጉባኤው ከመሰከሩት አንዱ ነበሩ። በኒውስናይት ካነሧቸው ቅሬታዎች መካከል የጉባኤው ሥልጣን ጠባብ ነበር፣ ከማሳደጊያው ውጭ የተፈጸመውን አላየም የሚለው ይገኝበታል። ይህ ቅሬታ ተገቢ የዜና ጉዳይ ነበር።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ጥቃት መድረሱ አንድ ጥያቄ ነው፤ አጥቂው ማን ነው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱ የሚፈልጉት ማስረጃም አንድ ዓይነት አይደለም። ተበዳዩ በኋላ እንዳስረዱት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፖሊስ አንድ ፎቶግራፍ አሳይቷቸው ያጠቃቸውን ሰው ለይተዋል፤ የሰውየውን ማንነት የነገራቸው ግን ፖሊስ ነበር። ፊቱን የሚያውቁት ተበዳዩ ናቸው፣ ስሙ የመጣው ከሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲያ ፊትና ስም ለሃያ ዓመት ያህል አብረው ኖሩ። በመካከላቸው ያለው ድልድይ የተሰማ ወሬ ብቻ መሆኑን ለማየት ተበዳዩን ስሙን ከየት አወቁት ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው እርምጃ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው፤ የሎርድ ማክአልፓይንን ፎቶግራፍ ለተበዳዩ ማሳየት። ማክአልፓይን በአደባባይ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ፎቶግራፋቸው በየጋዜጣው መዝገብ ሞልቷል። ከስርጭቱ በፊት ግን ፎቶግራፍ ያሳየ የለም። ተበዳዩ ፎቶግራፉን ያዩት ከስርጭቱ ሳምንት በኋላ ነው፤ ባዩ በሰዓት ውስጥ ሰውየው እሳቸው እንዳልሆኑ የሚገልጽ መግለጫ አወጡ። እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከምንም በላይ የሚከብደኝ ይህ ነጥብ ነው። ተበዳዩ ሐቀኛ ሰው ነበሩ። መሳሳታቸውን ሲያውቁ ቀን አልጨመሩም፤ ወዲያው ተናገሩ፣ ለማክአልፓይንና ለቤተሰባቸውም ይቅርታ ጠየቁ። ይህን ያህል ሐቀኛ የሆነን ምስክር አንድ ጥያቄ ቢጠይቁትና አንድ ፎቶግራፍ ቢያሳዩት ኖሮ፣ ካሜራ ከመከፈቱ በፊት እውነቱን ይነግራቸው ነበር።

ተበዳይን ማመንና የተበዳይን ቃል ማጣራት እንደ ተቃራኒ ሲቀርቡ እሰማለሁ። ጥርጣሬ ማሳየት ሁለተኛ ጥቃት ነው የሚሉ አሉ፤ ለዘመናት ሰሚ ያጡ ሰዎች የደረሰባቸውን ስለማውቅ ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ማጣራት ማለት ተበዳዩን እንደ ወንጀለኛ ማፋጠጥ አይደለም። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመኪናውን ዓይነት፣ ስሙን የሰሙበትን መንገድ በትዕግሥት መጠየቅ ነው፤ ያን ጊዜ የተሰጠውን የፖሊስ ቃል መፈለግ፣ በጉባኤው ፊት የተባለውን ዛሬ ከሚባለው ጋር ማስተያየት ነው። ይህን ያላደረገ ዘጋቢ ተበዳዩን አከብራለሁ ቢልም፣ ያለ መከላከያ አደባባይ ያወጣቸዋል። የሆነውም ይኸው ነው። ስህተቱ ሲጋለጥ በቁጣው ፊት ብቻቸውን የቆሙት ተበዳዩ ሆኑ፤ የደረሰባቸው እውነተኛ ግፍም በስህተቱ ጥላ ተሸፈነ።

አሁን ወደ ፍትሐዊነት ልምጣ። ሎርድ ማክአልፓይን ከስርጭቱ በፊት ከቢቢሲም ሆነ ከቢሮው አንድ ጥያቄ አልደረሳቸውም። ይህ በራሱ ከባድ ነው፤ የበለጠ ከባድ የሚያደርገው ግን እሳቸውን ማግኘት እንደሚቻል በዚያው ቀን የታየ መሆኑ ነው። የቻናል 4 ዜና የፖለቲካ ዘጋቢ ማይክል ክሪክ፣ ኒውስናይት አየር ላይ ከመዋሉ ከሰዓታት በፊት በትዊተር ጽፎ ነበር፤ በቢቢሲ ሊወነጀሉ የተዘጋጁት ከፍተኛ ፖለቲከኛ ውንጀላውን እንደሚክዱና ቢቢሲን በስም ማጥፋት እንደሚከሱ ገለጸ። ተፎካካሪ ጣቢያ የተወንጃዩን ምላሽ አግኝቷል፤ ወንጃዩ ጣቢያ አልጠየቀም። ማክአልፓይን በኋላ ለቢቢሲ ሬዲዮ በሰጡት ቃለ ምልልስ፣ ቢደውሉልኝ ኖሮ ነገሩ ከንቱ መሆኑንና በሕይወቴ ሬክሰም የሄድኩት አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን እነግራቸው ነበር የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጥተዋል።

አንዳንድ ጋዜጠኞች ምላሽ መጠየቅን እንደ ሥነ ሥርዓት ያዩታል፤ በዘገባው መጨረሻ ላይ «ውንጀላውን አስተባብለዋል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨመር የሚደረግ። ጥቅሙ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ተወንጃዩ ስለ ራሱ ማንም የማያውቀውን ያውቃል፦ በዚያ ዓመት የት እንደነበረ፣ ማን አብሮት እንደሄደ፣ ተመሳሳይ የቤተሰብ ስም ያለው ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን። መልሱ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ሐሰት ከሆነ ግን ሊፈተሽ የሚችል ሐሰት ነው። በዚህ ጉዳይ ሬክሰም የሄድኩት አንድ ጊዜ ነው የሚለው መልስ ብቻ፣ ተደጋጋሚ ጥቃት ተፈጸመ የሚለውን ዘገባ ለማስቆምና እንደገና ለመመርመር በቂ ነበር።

ለምን አልጠየቁም? እዚህ ላይ ስም ያለመጥራት ውሳኔ የሠራውን ሥራ እናያለን። ስሙ ካልተጠራ ምላሽ የሚጠየቅ ሰው የለም ተብሎ ታሰበ። የሕግ ምክር ተጠይቆ ነበር፤ ስም ባለመጠራቱ የመከሰሱ አደጋ ያነሰ መሰለ። ሕጉም ሆነ የማንኛውም አድማጭ ጆሮ ግን እንደዚያ አይሠራም። «የታቸር ዘመን ከፍተኛ ወግ አጥባቂ ፖለቲከኛ» የሚል መግለጫ የሚያመለክተው በጣት የሚቆጠሩ ሰዎችን ነው። ስም ባይጠራም አንባቢ ወይም ተመልካች ሰውየውን መለየት ከቻለ በእንግሊዝ ሕግ ስም ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ከሕጉም ባሻገር፣ በዚያ ዘመን ሥልጣን ላይ የነበሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተጠርጣሪ ሆኑ። አንድ ሰው ላይ የሚጣል ውንጀላ ቢያንስ ተሟጋች አለው፤ ለብዙዎች የተበተነ ውንጀላ ግን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም፤ ያስተባበለ ራሱን የገለጠ ይመስላልና።

ነገሩን ያባባሰው ደግሞ ስሙ አለመጠራቱ ለማስታወቂያ መዋሉ ነው። በስርጭቱ ዕለት ጠዋት የቢሮው ዋና አዘጋጅ ኢያን ኦቨርተን፣ ሁሉም ከተሳካ ማታ በኒውስናይት ልጆችን ያጠቃ በጣም ከፍተኛ የፖለቲካ ሰው የሚመለከት ዘገባ እንደሚወጣ በትዊተር ጻፈ። ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ሲገምት ዋለ፤ ዘገባው ሲተላለፍ ግምቱ አስቀድሞ ስም ነበረው። ቅዳሜና እሑድ የማክአልፓይን ስም በትዊተር በሰፊው ተቀባበሉት። የፓርላማው አፈ ጉባኤ ባለቤት ሳሊ ቤርኮው እሑድ ኖቬምበር 4፣ የማክአልፓይን ስም ለምን እንደዚህ እንደተነሣ የሚጠይቅ አጭር መልእክት ጽፈው «የዋህ ፊት» የሚል ምልክት አከሉበት። ሐሙስ ኖቬምበር 8 የአይቲቪ የጠዋት ፕሮግራም አቅራቢ ፊሊፕ ስኮፊልድ ኢንተርኔት ላይ በደቂቃዎች ያገኘውን የስም ዝርዝር በቀጥታ ስርጭት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሰጣቸው፤ ካሜራው ስሞቹን ለአፍታ አሳየ። ካሜሮን ነገሩ የንጹሓን አደን እንዳይሆን አስጠነቀቁ። ኒውስናይት ያልጠራውን ስም እንግዲህ አገር ሁሉ ያውቀው ነበር፤ ቢቢሲ ብቻ ነበር እንዳልተናገረ የሚቆጥረው።

ዘገባውን ያፈረሰው ሌላ ዘገባ ነው፤ ይህም ሊነገር ይገባል። ዘ ጋርዲያን ቀደም ሲል የነበሩትን ማስረጃዎች መርምሮ፣ ኖቬምበር 9 በወጣው እትሙ የተሳሳተ ማንነት ሊሆን እንደሚችል አተተ። በዚያው ቀን ማክአልፓይን ራሳቸው ስማቸውን ጠርተው ውንጀላውን በመግለጫ አስተባበሉ፤ የተበዳዩ ይቅርታም ተከተለ። መረጃው ከሳምንት በፊትም እዚያው ነበር፤ የጎደለው የሚያየው ሰው ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጆን ሃምፍሪስ በቢቢሲ ሬዲዮ የራሱን ድርጅት ዋና ዳይሬክተር በቃለ ምልልስ ያዛቸው። ኢንትዊስል ስርጭቱን በዕለቱ አላዩም፤ የኦቨርተንን የትዊተር መልእክት አላዩም፤ የጋርዲያንንም ዘገባ በወጣበት ጠዋት አላነበቡም፤ ንግግር በማድረግ ላይ ነበሩ። ማንም አልነገራቸውም። ይህ ቃለ ምልልስ በሕዝብ ፊት የአንድን ሰው ሥልጣን በደቂቃዎች ያበቃ ነው፤ ግን እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር አለ። ቢቢሲ በራሱ ጣቢያ፣ በራሱ ጋዜጠኛ፣ የራሱን አለቃ ያለ ርኅራኄ ጠየቀ። ይህ ጥያቄ ከሳምንት በፊት ለኒውስናይት ዘገባ ቢቀርብ ኖሮ ዘገባው አይተላለፍም ነበር።

የውስጥ ምርመራውን የመሩት የቢቢሲ ስኮትላንድ ኃላፊ ኬን ማኳሪ ነበሩ። ያገኙት ግልጽ ነው፤ መሠረታዊ የጋዜጠኝነት ማጣሪያዎች አልተጠናቀቁም፤ የማንነቱ ጉዳይ በፎቶግራፍ አልተረጋገጠም፤ ስሙ ላልተጠራው ሰው ምላሽ የመስጠት ዕድል አልተሰጠም። ከዚህ ጋር አንድ አስተዳደራዊ ነገርም አወጡ። በሳቪል ጉዳይ ምርመራ ምክንያት አንዳንድ ኃላፊዎች ከተያያዥ ዘገባዎች ራሳቸውን አግልለው ስለነበር፣ የመጨረሻውን ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ሰዎቹ አንድ ዓይነት መረዳት አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ሌላው አይቶታል ብሎ አሰበ። ብዙ ዓይን ባለበት ቤት ይህ የተለመደ አደጋ ነው፤ የመጨረሻው ፈራሚ በስም ካልታወቀ ፊርማዎች ቢበዙም ማንም አይፈርምም።

ካሳው በፍጥነት ተከፈለ። ቢቢሲ 185,000 ፓውንድና ወጪ፣ አይቲቪ ደግሞ 125,000 ፓውንድና ወጪ ለመክፈል በዚያው ኖቬምበር ተስማሙ። ኦቨርተን ሥራውን ለቀቀ። ስሙን በትዊተር ካነሡት መካከል አምደኛው ጆርጅ ሞንቢዮ፣ 25,000 ፓውንድ የሚገመት የበጎ አድራጎት ሥራ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመሥራት ተስማማ። ተከታዮቻቸው ከ500 በታች በሆኑት የትዊተር ተጠቃሚዎች ላይ ማክአልፓይን ክሱን ትተው፣ ለልጆች መርጃ 25 ፓውንድ እንዲለግሱ ጠየቁ። ሳሊ ቤርኮው ግን ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅሁት ብለው ተከራከሩ። በሜይ 24 ቀን 2013 የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ ቱገንድሃት፣ ምልክቱ ንጹሕ ጥያቄ አለመሆኑን፣ አስተዋይ አንባቢ ከመልእክቱ ማክአልፓይን በማሳደጊያ ያሉ ወንድ ልጆችን ያጠቁ ናቸው የሚል ትርጉም እንደሚወስድ ወሰኑ። «እኔ ጠየቅሁ እንጂ አልተናገርኩም» የሚለው መከላከያ «እኔ ስም አልጠራሁም» ከሚለው ጋር አንድ ዘር ነው፤ ሁለቱም ውንጀላውን የሚጨርሰው አንባቢው ነው ብለው ኃላፊነቱን ለእሱ ይተዋሉ።

የእንግሊዝ ሕግ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦበት ነበር። በ1999 ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት፣ የቀድሞው የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር አልበርት ሬይኖልድስ በታይምስ ጋዜጦች ላይ ባቀረቡት ክስ፣ ለሕዝብ ጥቅም የተሠራ ዘገባ እውነትነቱ ባይረጋገጥም እንኳ በኃላፊነት ከተሠራ ሊጠበቅ እንደሚችል ወስኗል። ከዳኞቹ አንዱ ሎርድ ኒኮልስ ኃላፊነቱን የሚመዝኑባቸው አሥር ነጥቦች ዘረዘሩ፤ ከነዚህም መካከል፦ የውንጀላው ክብደት፣ የመረጃው ምንጭ፣ ለማጣራት የተወሰደው እርምጃ፣ የጉዳዩ አጣዳፊነት፣ ከተወንጃዩ አስተያየት ተጠይቆ እንደሆነ፣ የእሱም ወገን በዘገባው ተካቶ እንደሆነ። በዚያ ክስ ሰንደይ ታይምስን የጎዳው ሬይኖልድስ ራሳቸው የሰጡትን ማብራሪያ መተዉ ነበር። የኒውስናይትን ዘገባ በእነዚህ ነጥቦች ብንመዝነው በየትኛው ያልፍ ነበር? ጉዳዩ የሕዝብ ጥቅም ያለው ነበር፤ ይህ አያከራክርም። በቀሪዎቹ ላይ ግን የሚያቀርበው መልስ አልነበረውም። ውንጀላው ሲከብድ ማጣሪያው ሊከብድ ይገባል፤ እዚህ በተቃራኒው ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ጋዜጠኞች በእንዲህ ያለ ጉዳይ ዝም ይበሉ ወደሚል መደምደሚያ እንዳይሄድ እሰጋለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያው ከሬክሰም የሚመጣ ሌላ ታሪክ አለ። ጎርደን አንግልሲ የሰሜን ዌልስ ፖሊስ ከፍተኛ መኮንን ነበር። በብሪን ኤስቲን ልጆችን አጥቅቷል የሚል ዘገባ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያወጡትን ኦብዘርቨርና ኢንዲፔንደንት ኦን ሰንደይ ጋዜጦችን፣ ፕራይቬት አይ መጽሔትንና ኤችቲቪ ቴሌቪዥንን በስም ማጥፋት ከሰሰ፤ በ1994 ረታ፤ 375,000 ፓውንድ ካሳ ተከፈለው። በ2016 ግን በሌሎች ሁለት ልጆች ላይ በ1980ዎቹ በፈጸመው ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ 12 ዓመት ተፈረደበት፤ በዚያው ዓመት ሞተ። የ1990ዎቹ ዘገባዎች ስለነዚህ ሁለት ልጆች አልነበሩም፤ ስለዚህ ፍርዱ ጋዜጦቹን በእያንዳንዱ ቃላቸው ትክክል አያደርጋቸውም። ነገር ግን ስለ ካሳና ስለ ዝምታ ብዙ ይናገራል። ካሳ መብላት የንጽሕና ማረጋገጫ አይደለም፤ ትልቅ ካሳ ከተከፈለ በኋላም በዚያ ሰው ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ለረጅም ጊዜ ይጠፋል። ለዚህ ነው የኒውስናይትን ጋዜጠኞች በመድፈራቸው የማልወቅሳቸው። በስህተታቸው የጎዱት ግን ቀጣዩን ደፋር ጭምር ነው፤ ከእነሱ በኋላ ስለ ኃያል ሰው ልክ የሆነ ማስረጃ ይዞ የሚመጣ ዘጋቢ ማክአልፓይንን አስታውስ መባሉ አይቀርለትም።

ሌላ አማራጭስ ነበር? ነበር፤ ያውም በዚያው ሳምንት። ተበዳዩ የዋተርሃውስ ጉባኤ ሥልጣን ጠባብ ስለመሆኑ ያቀረቡት ቅሬታ ብቻውን ጠንካራ ዘገባ ይወጣው ነበር። ማሳደጊያውን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ የጉባኤው ሪፖርት ነበር፤ ጥያቄውን የሚመልስ መንግሥት ነበር። በዘገባው ውስጥ የታቸርን ዘመን ፖለቲከኛ ማስገባት የሚገባው ስሙን ጭምር ለመጥራት የሚያበቃ ማስረጃ ሲኖር ብቻ ነው። ለእኔ ትክክለኛው መለኪያ ይህ ይመስለኛል፦ ዘጋቢው ስሙን ለመጥራት የማይደፍርበት ምክንያት ማስረጃው ስለማይበቃ ከሆነ፣ ሰውየውን የሚያስለይ ፍንጭም መስጠት የለበትም። ስም የሚደበቅባቸው ትክክለኛ ምክንያቶች አሉ፤ የተበዳይን ማንነት መጠበቅ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የሕፃናት ጉዳይ። በዚህኛው ጉዳይ ግን የተደበቀው የወንጃዮቹ ጥርጣሬ ነበር።

መንግሥት ከስርጭቱ በኋላ ባሉት ቀናት ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛው የዋተርሃውስን ጉባኤ ሥራ እንደገና እንዲያዩ ለዳኛ ማኩር የተሰጠ ግምገማ ነበር፤ በማርች 2016 ሲታተም ጉባኤው ታዋቂ ሰዎችን ሸሽጓል የሚለውን የሚደግፍ ማስረጃ እንዳላገኘ ገለጸ። ሁለተኛው ኦፕሬሽን ፓሊያል የተባለ የፖሊስ ምርመራ ነው። መርማሪዎቹ ከብዙ ተበዳዮች ቃል ተቀበሉ፣ የቆዩ መዝገቦችን አወጡ፣ ተጠርጣሪዎችን በስም ጠርተው ጠየቁ፣ ክሱ በመስቀለኛ ጥያቄ ተፈተነ። የማሳደጊያዎች ባለቤት የነበረው ጆን አለን በ2014 መጨረሻ በዚህ ምርመራ ምክንያት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ የአንግልሲም ፍርድ የዚሁ ምርመራ ውጤት ነው። ሎርድ ማክአልፓይን በጃንዋሪ 2014 ስላረፉ ሁለቱንም ፍርዶች አላዩም።